አረንጓዴው ባንዲራና የወንድሜ ሙሽራ

ኮልፌ ባቡር የላትም፤ ኖሯትም አያውቅም። በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት አንድ የኮልፌ ልጅ ባቡር ጣቢያ ተቀጠረ ሲባል ሰፈሩ ምን ያህል እንደሳቀ እንግዲህ እናንተው ገምቱት። ማለዳ ካኪ ኮቴን ቆልፌ፣ ቆቤን ደፍቼ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ስወርድ የሰፈር ጎረምሶች "ሸምሱ፣ ዛሬ ባቡሩን ይዘኸው ና፤ እኛ ጋ ይደር!" እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። እኔ ደረቴን ነፍቼ አልፋቸዋለሁ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ኮቴ ስድስት የናስ ቁልፍ አለው፤ ትምህርት ቤት የለቃቀምኳት ፈረንሳይኛም አለችኝ። ከዚህ በላይ ሰው ምን ይፈልጋል?

አባቴ ግን ሌላ ይፈልግ ነበር። መርካቶ የጨርቅ ሱቅ አለው፤ ታላቅ ወንድሜ ኸይሩ አብሮት ይሠራል፤ ለእኔም ከባንኮኒው ጀርባ ቦታ ተዘጋጅቶልኝ ነበር። በስንት ልመና "እስከ ወንድምህ ሠርግ ልታገስህ" አለኝ። "ከዚያ በፊት አንዲት ነገር አበላሽተህ ስምህ ከተነሳ ግን ቆብህን ሰቅለህ ወደ ሱቅ ትገባለህ።"

የወንድሜ ሠርግ ደግሞ ራሱ በክር የተንጠለጠለ ነገር ነበር። ኸይሩ ለንግድ ድሬዳዋ ሲመላለስ ሙኒራ የምትባል ልጅ አይቶ፣ እሷም አይታው፣ ነገሩ ወደ ሽማግሌ ደረሰ። አባቷ ስለሞቱ ያሳደጓት አጎቷ ሐጂ ሱልጣን ናቸው። ሐጂ ኮልፌ ድረስ መጥተው ቤታችንን ካዩ በኋላ ሳምንት ሙሉ እሺም እምቢም ሳይሉ ቆዩ። ድሬዳዋን ለለመደ ሰው የዚያን ጊዜዋ ኮልፌ ባሕር ዛፍና ጭቃ ነበረች። "ልጄን ከተማ አሳድጌ ጫካ ልዳራት?" አሉ አሉ። በመጨረሻ የሙኒራ ለቅሶ ሲበዛባቸው ቃላቸውን ላኩ። "እሺ። ራሴ ይዣት እመጣለሁ፤ ኒካሑም እናንተ ዘንድ፣ በፊቴ ይታሰራል። ግን በመንገድ ላይ አንዲት መዝረክረክ ባይ፣ በመጣሁበት ባቡር ይዣት እመለሳለሁ።"

ሐጂ ሱልጣን ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አልነበሩም። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ለሁለት ወር "መዝረክረክ" የሚለው ቃል እንደ እርግማን ይፈራ ነበር።

የምሠራባት ጣቢያ ከለገሃር ወዲያ፣ ከተማው አልቆ የጤፍ ማሳ ከሚጀምርበት ላይ ያለች ትንሽ ጣቢያ ናት። ስሟን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሷ አልነበረምና። ሹሟ አቶ ደምሴ ይባሉ ነበር። አጭር፣ ቀጭን፣ በሰንሰለት የታሰረ ሰዓታቸውን በየአምስት ደቂቃው የሚያወጡ፣ ሰው ሲዘገይባቸው የሚታመሙ ሰው ናቸው። ጣቢያዋን እንደ ወላጅ ርስት ነው የሚያዩዋት። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉና ይጀምራሉ።

"ይህን ድንጋይ የጠረበው አባቴ ነው። ፈረንሳዮቹ ሲሠሯት ባቡሩ ገና በእንፋሎት ነበር የሚሄደው፤ እዚህ ቆሞ ውሃ ይጠጣል። የዚህ አገር ገበሬ ውሃ ሲጠጣ ጊዜ መቼም ይበላል ብሎ ሁለት ሸክም ድርቆሽ አመጣለት። ጣልያን ሲገባ መጠበቂያ ክፍሉን የበቅሎ ጋጣ አደረገው። ጣልያን ሲወጣ እንግሊዝ መጥቶ አግዳሚ ወንበሮቹን ቆጠረ፤ ለምን እንደቆጠረ እስከዛሬ አይታወቅም። አሁን ናፍጣ መጣና የውሃው ጋን ጡረታ ወጣ። ቧንቧው ግን አለ። ከድሬዳዋ እስከ ለገሃር እንዲህ ያለ ውሃ የለም!"

ስለ ውሃው አልዋሹም። መንገደኛ ሁሉ ባቡሩ ሲቆም ወደ ጣቢያው ጓሮ ሮጦ ከዚያ ቧንቧ ፊቱን ይታጠባል፤ ጠርሙሱን ይሞላል። ጣቢያዋ ደግሞ ከውሃም ሌላ የማትሰጠው አገልግሎት አልነበረም። ቲኬት ትሸጣለች፤ ዕቃ ትመዝናለች፤ በገበያ ቀን ሚዛኑ ላይ የሚወጡት ከጆንያው ይልቅ ኮረዶቹ ነበሩ። ደብዳቤ ለመጣለት ላልተማረ ሰው አንባቢው እኔ ነኝ። የመንደሩ ሰዓት የእኛ ሰዓት ነው። የተጣላ የሚታረቀው የእኛ አግዳሚ ላይ ነው። እኔ ያኔ ይህን ሁሉ እንደ ሥራ አልቆጥረውም ነበር። ለእኔ ሥራ ማለት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አረንጓዴው ባንዲራ።

ባቡሩን የሚያስነሳው ያ ባንዲራ ነው። አቶ ደምሴ ራሳቸው ብቻ ነበር የሚያነሱት። እኔ ጠቅልዬ ይዤላቸው እቆማለሁ። "ልብ በል ሸምሱ" ይሉኛል። "ይህ ነገር ከጭንቅላትህ በላይ ከወጣ ባቡሩ ይሄዳል። ሾፌሩ አንተን አያይህም፤ የሚያየው አረንጓዴውን ነው።"

ያ ቀን ደረሰ። እሑድ ነው። እነ ሐጂ ሱልጣን የተሳፈሩበት ባቡር በስምንት ሰዓት በእኛ ጣቢያ ያልፋል፤ አንድ ጣቢያ አልፎ ለገሃር ይገባል። እዚያ ኸይሩ አበባ የታሰረባቸው ሦስት መኪኖችንና ድቤ የያዙ የኮልፌ ልጆችን ሁሉ ይዞ ይጠብቃል። ከሰዓት በኋላ አስር የሚባለው ሶላት ሲሰገድ ኒካሕ ይታሰራል። እኔ ፈቃድ አልጠየቅኩም፤ ምክንያቱም ሌላ ሐሳብ ነበረኝ። ሐጂ ሱልጣን በመስኮት ሲያዩኝ፣ ቁልፌ ሲያብረቀርቅ፣ "ለካ እነዚህ የኮልፌ ሰዎች እንዲህ ያለ ልጅ አላቸው!" እንዲሉ ፈልጌ ነበር። ቁልፎቹን በአመድና በሎሚ ፈትጌያቸው ነበር የመጣሁት።

ባቡሩ ገባ። አቶ ደምሴ ወጥተው ከሾፌሩ ጋር ሰላምታ ተለዋወጡና ስልክ ሲጮህ ወደ ቢሯቸው ተመለሱ። ሀዲዱ አንድ ብቻ ስለሆነ ከለገሃር የሚመጣ ዕቃ ባቡር ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ቆሞ የእኛን ይጠብቅ ነበርና፣ ስለ እሱ ነው የተደወለው። ባንዲራውን በእጄ ላይ ጥለው "እስክወጣ ድረስ ከጉልበትህ በላይ እንዳታነሳው" ብለውኝ ገቡ።

እኔም ከጉልበቴ በታች ይዤ በፉርጎዎቹ ጎን ሄድኩ። ሦስተኛው ላይ ሐጂ ሱልጣን ነጭ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው በመስኮት ብቅ ብለዋል።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ሐጂ!"

"ወአለይኩሙ ሰላም። የማን ልጅ ነህ?"

"የኸይሩ ወንድም ነኝ። ሸምሱ።"

"ሸምሱ! ይህ ሁሉ ቁልፍ ያንተ ነው? ማሻአላህ!" ብለው እጃቸውን ከመስኮቱ ወደ እኔ ዘረጉ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ፍረዱኝ። በእኛ አስተዳደግ ለሽማግሌ አንድ እጅ አይሰጥም። በአንድ እጁ ታላቅ የሚጨብጥ ልጅ እናቱ ያላሳደገችው ነው። የባቡሩ መስኮት ከፍ ያለ ነው። በእግሬ ጣቶች ቆምኩና ሁለቱንም እጆቼን ወደ ላይ ሰደድኩ። ባንዲራው በቀኝ ጣቶቼ መሃል ነው። ንፋስ መጣ፤ ጥቅሉ ተፈታ፤ ከቆቤ በላይ ሽው ብሎ ተውለበለበ።

እኔ አላየሁትም። እኔ የማየው የሐጂን ፊት ነው።

"አባትህ ደህና ነው?"

"አልሐምዱሊላህ።"

"እናትህስ?"

"ደህና ናት፣ ሐጂ።"

ባቡሩ ጮኸ። ሐጂ እጄን አልለቀቁም። ሽማግሌ ሳይለቅህ እጅህን አትነጥቅም፤ ይህም ሌላው አስተዳደጋችን ነው።

"ዝናቡስ እንዴት ነው? ጭቃው ቀነሰ?"

"ቀንሷል፣ ሐጂ" አልኩ። ይህን ስል እየተራመድኩ ነበር። ለምን እንደምራመድ አልገባኝም። ቀጥሎ ሶምሶማ ጀመርኩ።

"ጎረቤቶቻችሁስ? ያ ወፍራሙ ሰውዬ?"

"ደህና... ናቸው... ሐጂ!"

"ታዲያ ምን ያስሮጥሃል?"

"ባቡሩ... ሄደ፣ ሐጂ!"

"ይሂድ እንጂ! ሰዓቱ ደርሶ ነዋ!" አሉና መድረኩ ሊያልቅ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ለቀቁኝ። ባቡሩ ጅራቱን እየነቀነቀ ሄደ። እኔ ሁለት እጄን ወደ ላይ እንደዘረጋሁ፣ በአንዱ አረንጓዴ ባንዲራ እንደያዝኩ ቀረሁ።

ከዚያ ከኋላዬ የሴት ጩኸት ሰማሁ። "ኧረ ያዙልን! ኧረ ባቡሩን ያዙልን!"

ከቧንቧው በኩል ሁለት ሴቶች ይሮጣሉ። አንደኛዋ ጠና ያሉ፣ በአንድ እጃቸው ማሰሮ በሌላው ጫማቸውን የያዙ። ሁለተኛዋ ወጣት ናት፤ ፊቷ ውሃ ያንጠባጥባል፤ እጇ እስከ ክንዷ በሒና አጊጧል። ያንን ሒና ሳይ ማን እንደሆነች ገባኝ።

"ሙኒራ?" አልኳት።

"ስሜን ማን ነገረህ?" አለች እያለከለከች።

"የኸይሩ ወንድም ነኝ።"

ጠና ያሉት ሴትዮ ማሰሮውን መሬት ላይ አስቀመጡና ጮክ ብለው ሳቁ። የሙኒራ አክስት፣ የሐጂ ሱልጣን እህት፣ እማማ ዙበይዳ ነበሩ። "ጉድ! የድሬዳዋን ሙሽራ የኮልፌ ሰው ከሜዳ ላይ ተቀበላት!" አሉ። ሙኒራ ግን አልሳቀችም። "አጎቴ ካወቁ አለቀልኝ" አለች። "ሳላስፈቅዳቸው ነው የወረድኩት። የወንዶቹ ፉርጎ ሌላ ነው፤ እስካሁን አላዩም። ለገሃር ሲደርሱና እኔን ሲያጡኝ ግን... ጠፋች፣ ተጠለፈች ይባላል። ከዚያ ወዲያ ኒካሕ የለም።"

እውነቷን ነው። ይህ መዝረክረክ ካልተባለ ምን መዝረክረክ ይባላል?

አቶ ደምሴ ከቢሮ ወጡ። ባዶውን ሀዲድ አዩ፤ ሰዓታቸውን አወጡ፤ መልሰው ሀዲዱን አዩ።

"ማን አስነሳው?"

"እኔ።"

"ማን አዘዘህ?"

"ሐጂ ሱልጣን..." አልኩና አፌን ያዝኩ። "ማለቴ፣ ሰላም ሲሉኝ..."

በሁለት እጄ እየጨበጥኩ እንዴት እንደሆነ አሳየኋቸው። ሰዓታቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ተናገሩ። "እርግጥ ነው፣ በአንድ እጅ አይጨበጥም።"

ቁጣቸውን ለሌላ ቀን አቆይተው ሙኒራን ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። አቶ ደምሴ ሠላሳ ዓመት በባቡር ሥራ ሲኖሩ አንድም ባቡር አዘግይተው አያውቁም ነበር። አስፋልቱ ከእኛ ይርቃል፤ መኪና እስኪገኝ ቀኑ ይመሻል። ያለው መንገድ አንድ ሀዲድ ነው። በሀዲዱ ደግሞ የሚሄድ የቀረን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሀዲድ ጠጋኞቹ የሚጓዙበት፣ በእጅ እየተገፋ የሚንቀሳቀስ ጋሪ። አቶ ደምሴ ወደ ቀጣዩ ጣቢያ ስልኩን አሽከረከሩ።

"አሎ፤ እኔ ነኝ። መንገደኛው ባቡር ሲደርስልህ ያዝልኝ። ዕቃ ባቡሩንም እንዳትለቀው፤ እኔ ጋሪ ልልክ ነው።" አዳመጡ። ጆሯቸው ቀላ። "ምክንያቱን በመዝገብ ታየዋለህ። አዎ፣ ደምሴ ነኝ! ሌላ ደምሴ የለም!"

ስልኩን ዘጉ። "መንገደኛውን ግማሽ ሰዓት ይይዘዋል፤ ከዚያ አንዲት ደቂቃ አይጨምርም። ዕቃ ባቡሩ ጋሪው እስኪደርስ አይነሳም፤ አትፍሩ። ሂድ፤ ያስነሳኸውን ባቡር ራስህ ድረስበት።"

የሀዲድ ጠጋኞቹ አለቃ ኦቦ ቱፋ ብቻቸውን ነበሩ፤ እሑድ ስለሆነ ሌሎቹ የሉም። ጋሪውን ሀዲዱ ላይ አወጣነው። መሃሉ ላይ እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ የሚል የብረት እጀታ አለው፤ አንዱ ከዚህ ሌላው ከዚያ ሆኖ ሲገፋው ይሄዳል። ሴቶቹን ከፊት አስቀመጥናቸው። እማማ ዙበይዳ "ያ ረቢ! ድሬዳዋም በጋሪ እንሄድ ነበር፤ ያኛው ግን ፈረስ ነበረው!" አሉ።

"ፈረሱ እኔ ነኝ" አልኳቸው፤ ጀመርን።

የመንገዱ መጀመሪያ ሜዳ ነበርና በረርን። ንፋሱ ነጠላቸውን እንደ ሸራ ነፋው። በየማሳው ዳር ያሉ ገበሬዎች ቀና ብለው በሀዲድ ላይ ሙሽራ ስትሮጥ ሲያዩ መጀመሪያ አፋቸውን ያዙ፤ ቀጥሎ ሴቶቹ እልል አሉ። እማማ ዙበይዳ እልልታ ሰምተው ዝም የሚሉ ሰው አልነበሩም። በእጀታው ምት ልክ እያጨበጨቡ ግጥም ማውረድ ጀመሩ፤ ስለ እኔ ቁልፎች፣ ስለ ወንድማቸው ጥምጣም፣ ስለ ባቡሩ ክህደት። ኦቦ ቱፋ እየሳቁ "ጃባዱ! ጃባዱ!" ይላሉ፤ በርታ ማለታቸው ነው።

ከዚያ ዳገት መጣ።

በባቡር ስትሄዱ ዳገት መሆኑን እንኳ አታውቁትም። በክንድ ስትወጡት ነው የሚታወቀው። ጋሪው ዘገየ፤ ክንዴ ተንቀጠቀጠ፤ ላቤ በአይኔ ገባ። ኦቦ ቱፋ ሰዓት የላቸውም፤ ፀሐይዋን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም በልቤ ያ የፈራሁት ሐሳብ መጣብኝ። ይህች ልጅ ሆን ብላ ወርዳ ቢሆንስ? ያለ ፍላጎቷ እየገፋሁ ወደ ጋብቻ ልወስዳት ነው?

"ሙኒራ" አልኳት እያለከለክሁ፣ "እውነቱን ንገሪኝ። ሆን ብለሽ ነው የወረድሽው? ካልፈለግሽው አሁን ተናገሪ፤ ጋሪውን አቆመዋለሁ። ጥፋቱን እኔ እወስደዋለሁ።"

ዞራ አየችኝ። ከዚያ ብድግ አለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና አጠገቤ መጥታ እጀታውን በሁለቱ የሒና እጆቿ ጨበጠች።

"ባልፈልገው ይህን ብረት እገፋ ነበር?" አለችኝ። "ሌሊቱን ሙሉ አቧራ ስለብስ ያደርኩ ሰው ነኝ። ፊቴን ልታጠብ ነው የወረድኩት! ኸይሩን እንዲህ ሆኜ አላገኘውም ብዬ ነው! ግፋ እንጂ!"

ወላሂ፣ ገፋሁ። እማማ ዙበይዳም "ታዲያ እኔ ምን ጎለተኝ" ብለው ከኦቦ ቱፋ ጎን ቆሙ። አራታችን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ። ሙሽራን ይወስዷታል፣ ያጅቧታል፣ ያስገቧታል፤ እኛ የምናውቀው ይህንን ነው። በገዛ ክንዷ ወደ ሠርጓ ስትሄድ ያየሁት እሷን ብቻ ነው። ከድካሙ ብዛት ይሁን ከደስታ፣ ሁላችንም እየሳቅን ነበር የምንገፋው። ማቆም አልቻልንም። ሳቁ ራሱ ጉልበት ሆነን።

ዳገቱን ስንጨርስ የባቡሩ ጭራ ታየ። ቆሟል! መንገደኛው ወርዶ መድረኩ ላይ ይንቀዋለላል። እኛ ከኋላ፣ መድረኩ ከሌለበት ጎን ቀረብን። ኦቦ ቱፋ እጃቸውን እንደ እርካብ አድርገው ሁለቱን ሴቶች አንድ በአንድ ወደ ሴቶቹ ፉርጎ አወጧቸው። እማማ ዙበይዳ ማሰሯቸውን እንኳ አልረሱም። ሙኒራ በሩ ላይ ሆና ነጠላዋን ሸፈን አደረገችና ለቅጽበት አየችን፤ ቀጥላ ወደ ውስጥ ገባች። ጋሪውን ከሀዲዱ አንስተን ሳር ላይ ጣልነው።

አልሐምዱሊላህ ብዬ ባቡሩን ዞሬ ወደ መድረኩ ስወጣ፣ ፊት ለፊቴ ሐጂ ሱልጣን ቆመዋል። ከጎናቸው ሦስት ሽማግሌዎች።

ቆቤ የለም፤ መንገድ ላይ ወድቋል። ከስድስቱ ቁልፎች ሁለቱ ተበጥሰው አራቱ ብቻ ቀርተዋል። እጄ ግራሶ ለብሷል። አንደኛው ሽማግሌ "ይህ ያ ወዲያ ጣቢያ ያየነው ልጅ አይደለም እንዴ? እዚህ ምን አመጣው?" አሉ።

አፌን ከፈትኩ። ልናዘዝ ነበር፤ በአላህ ስም እውነቴን ነው። ሐጂ ሱልጣን ግን ቀደሙኝ።

"ምን ያመጣዋል!" አሉ ጮክ ብለው። "ሰላምታችንን ሳንጨርስ ባቡሩ ነጠቀን፤ ሊጨርስ መጣ እንጂ! አያችሁ? እንዲህ ነው የሰው ልጅ ማሳደግ!" ብለው ያንን ግራሶ የለበሰ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። "እ፣ ምን ላይ ነበርን? ጎረቤቶቻችሁ ላይ ነበርን። አያትህስ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው፣ ሐጂ።"

"ፍየሎቹስ?"

ፍየል አልነበረንም። "ደህና ናቸው፣ ሐጂ" አልኩ።

ባቡሩ ጮኸ፤ ሐጂ ተሳፈሩ፤ ሄደ። ዕቃ ባቡሩም ወደ እኛ ጣቢያ ተነሳ። እኔና ኦቦ ቱፋ ሳሩ ላይ ተጋድመን በሳቅ ፈረስን።

ማታ ኮልፌ ኒካሑ ታሰረ። ሴቶቹ የሙሽራዋ መዳፍ ላይ ከሒናው ጋር የተላጠ ቆዳ አይተው ሲደነግጡ እማማ ዙበይዳ "የድሬዳዋ ሒና ኃይለኛ ነው" አሏቸው አሉ። ወንዶቹ ዘንድ ደግሞ ሐጂ ሱልጣን የእኔን ሰላምታ ታሪክ በየማዕዱ እየዞሩ ይናገሩ ነበር። ከአባቴ ጎን ተቀምጠው "ይህን ልጅ ከባቡር ሥራ እንዳታስወጣው" አሉት። "ሰው አክባሪ ሰው መንገድ ላይ ነው የሚያስፈልገው።" አባቴ አንገቱን ደፍቶ "እሺ፣ ሐጂ" አለ። በዚያች ቃል ነው ሠላሳ አንድ ዓመት በባቡር የኖርኩት።

አቶ ደምሴ ግን ጨዋታ አያውቁም። በማግስቱ መዝገቡን ፊቴ ዘረጉ። "ለመዘግየቱ ምክንያት፤ በእጅህ ጻፍ።" የሞተር ችግር ልበል ብዬ አሰብኩ። "የሾፌሩን ስም አታጥፋ" አሉኝ፤ ያሰብኩትን በግንባሬ ላይ አንብበው። እውነቱን ጻፍኩ፤ ባንዲራ ይዤ ሽማግሌ ስጨብጥ ባቡሩ ተነሳ፣ ሁለት ሴቶች ቀሩ ብዬ። ከዋናው ጣቢያ ተቆጣጣሪ መጥቶ አነበበው፤ ሁለተኛ አነበበው፤ ወደ መስኮቱ ዞሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ቅጣቴ ስድስት ወር ባንዲራ እንዳልይዝ ሆነ። ቲኬት ቆራጭ፣ ዕቃ መዛኝ፣ ደብዳቤ አንባቢ ሆንኩ።

እናንተ ይህንን የምታነቡ፣ ቅጣት ካላችሁት ያ ቅጣት ነው ሰው ያደረገኝ። ጣቢያ ማለት ባንዲራ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጣቢያ ማለት ከልጇ የመጣ ደብዳቤ ሲነበብላት ሁለተኛ አንብብልኝ የምትል እናት ናት፤ ሚዛን ላይ ቆማ የምትስቅ ኮረዳ ናት፤ ፊቷን ታጥባ ወደምትወደው ሰው መሄድ የምትፈልግ ሙሽራ ናት። ዛሬ በዚያ ሀዲድ ላይ ባቡር አያልፍም፤ ሳር በቅሎበታል። ሙኒራና ኸይሩ ስድስት ወልደው አያት ሆነዋል፤ በየዒዱ ስንገናኝ እጇን ከፍ ዝቅ አድርጋ ታሳየኛለች፤ ልጆቿ ምን ማለት እንደሆነ አያውቁም፤ እኛ እስኪያመን እንስቃለን። ጥፋት ሠርታችሁ ጉልበታችሁ የከዳችሁ ጊዜ፣ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ሁለት እጅ ካላችሁ ግፉ፤ ሊደረስበት ይችላል።

አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ ቀርቻለሁ። በዓመቱ ሐጂ ሱልጣን ሙኒራ የወለደችውን የመጀመሪያ ልጅ ሊያዩ መጡ። ባቡሩ እኛ ጣቢያ ቆመ። ባንዲራው ተመልሶልኝ ነበር፤ በእጄ ጠቅልዬ ይዤዋለሁ። ሐጂ በመስኮት አዩኝ፤ ፊታቸው በራ። እኔም ሮጬ ሁለት እጄን ልዘረጋ ስል ጣታቸውን ወደ ከንፈራቸው አደረጉና ዝቅ ብለው፣ ማንም እንዳይሰማ በሹክሹክታ ነገሩኝ።

"ያን ቀን ባቡሩ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ሲቆም ሴቶቹን ልጠይቅ ሄጄ ነበር፤ ቦታቸው ባዶ ነበር። ከመስኮቱ ጋሪያችሁን ሳይ ነው ልቤ የተመለሰው። ስትገፋም አየኋት፤ ስትስቅም አየኋት። እንዲያ እየሳቀች ወደ ባሏ የምትሄደውን ልጅ የምመልሳት እኔ ማን ነኝ?"

እንባዬ መጣ። እሳቸው እጃቸውን ከመስኮቱ መዘርጋት ጀምረው መሃል ላይ አቆሙት።

"አሁን፣ ልጄ፣ መጀመሪያ ያንን ባንዲራ ለሹምህ ስጥ፤ ከዚያ ሰላም በለኝ።"

ዞርኩና ባንዲራውን ለአቶ ደምሴ ሰጠሁ። ተመልሼም በእግሬ ጣቶች ቆምኩና ሁለት እጆቼን ወደ ላይ ሰደድኩ።